በኪሎ ስለሚሸጠው ራዲዮ

ከላቦራቶሪው በስተጀርባ ያለው መጋዘን በቅርቡ ተከፍቶ፥ በውስጡ የተከማቸው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በኪሎ እየተመዘነ ለብረታ ብረት ገዢ ሊሸጥ ነው ሲባል ሰምተናል። ወሬውን የሰሙት ጓደኞቻችን አብዛኞቹ «እሰየው፤ ክፍሉ ይጸዳል፥ የመማሪያ ቦታም ይገኝበታል» ብለዋል። እኛም ያለፈው ዓመት ሰዎች ብንሆን ኖሮ ይኸንኑ እንል ነበር። ዛሬ ግን አንልም። የማንልበትንም ምክንያት ለአንባቢ መግለጥ ግዴታችን ሆኖ ስለ ታየን ብዕራችንን አንሥተናል።

በመጀመሪያ «እኛ» የምንለው ማንን እንደ ሆነ እንናገር። እኛ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የምንማር አምስት ተማሪዎች ነን። ማኅበር አይደለንም፤ ሊቀ መንበርም ጸሓፊም የለንም። በጋራ ያለን ንብረት አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ መበየጃ፥ አንድ ቴስተር፥ ሁለት ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ነው። ከዚህም በላይ ከሁለት አሮጌ ራዲዮዎች አካል በገዛ እጃችን የሠራነው አንድ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር፥ ማለት በሁለት መስመር የሚሠራ የድምፅ ማጉያ አለን። ሰባት ወር ፈጅቶብናል። ይኽን የምንጽፈው እርሱን ለማስደነቅ አይደለም፤ ከእርሱ የተማርነውን ለመናገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኀፍረት ነው። ስለ ማጉያ የሚያስተምረውን ኮርስ ሁላችንም በመልካም ውጤት አልፈን ነበር። ቀመሩን እናውቃለን፤ የፈተናውንም ጥያቄ እናውቃለን። አንድ ቀን ማታ በመኝታ ቤታችን የነበረች ትንሽ ማጉያ ዝም አለች። አምስት የወደፊት መሐንዲሶች ከብበናት ቆምን። አንዱ ነካካት፥ አንዱ መታት፥ አንዱ ደግሞ ስለ እርሷ የሚያውቀውን ሒሳብ አወራ። በመጨረሻ ከግቢው በር ማዶ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድናት። ጠጋኙ ከእኛ በዕድሜ የሚያንስ፥ ትምህርቱንም ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ነው። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ከፍቶ፥ ለክቶ፥ አንዲት ቁራጭ ለውጦ መለሰልን። «ምን ሆና ነበር?» ስንለው ነገረን። የነገረንን ቃል ሁሉ ከመጽሐፍ እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ያ ነገር ዕቃው ውስጥ በየት በኩል እንዳለ አላወቅንም ነበር። ገንዘቡን ከፍለን ስንመለስ ማናችንም አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ከሥር ጀምረን በእጃችን እንሥራ አልን። ግን ምን? የዛሬው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠራው በጥቁር ጠጠር ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ቢከፍቱት የሚታይ ነገር የለም። በቫልቭ የሚሠራው አሮጌ ራዲዮ ግን ምሥጢሩን ሁሉ በብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ያሳያል። ክሩ ሲግል ይታያል፤ ሲበዛበት ይቀላል፤ ሲጎድልበት ይጨልማል። ስለዚህ ለተማሪ ከእርሱ የተሻለ መምህር የለም ብለን ወደ መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ ወረድን።

ምናለሽ ተራን ያላየ ተማሪ ቢኖር ይሂድና ይይ። በዚያ «የተጣለ» የሚባል ነገር የለም። የመኪናው ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ የዘይቱ በርሜል ምድጃ ይሆናል። ቆራሌው ከየሰፈሩ ሰብስቦ ያመጣው ሁሉ በዚያ ይፈታል፥ ይመዘናል፥ እንደገና ይወለዳል። ካየናቸው አሮጌ ራዲዮዎች መካከል በእንጨት ሣጥን የተሠሩ፥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ የተፈበረኩ፥ መንትያ የሆኑ ሁለት አገኘን። የአንዱ ገመድ ተቆርጧል፤ የሌላው ሣጥን በምስጥ ተበልቷል። ለምሳ ባስቀመጥነው ብር ገዛናቸው።

አሁን የምንናገረውን ብናልፈው ደስ ባለን፤ ግን ካልተናገርነው ጽሑፋችን ሐሰት ይሆናል። እነዚያን ራዲዮዎች ወደ ግቢ ስናስገባ በጆንያ ሸፍነን ነው። ስለ ምን? የክፍል ጓደኞቻችን እንዳያዩን! «ዩኒቨርሲቲ ገብተው ቆራሌው ሆኑ» እንዳንባል! በር ላይ የነበሩት ዘበኛ ጆንያውን አስፈትተው አዩና «ልጆች፥ ሰው ቆሻሻ ከግቢ ያወጣል እንጂ ወደ ግቢ ያስገባል?» ብለው ሳቁብን። ከኋላችን የቆሙትም ሳቁ። እኛም መሬት መሬት እያየን አለፍን። የሠረቀ ሰው እንኳ እንደዚያ አያፍርም።

ራዲዮዎቹን ከፍተን ስናይ ከምን እንደምንጀምር ጠፋን። ከመካከላችን አንዱ በሰፈሩ ዐርባ ዓመት ያህል ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ እንዳሉ አስታወሰና ሄድን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሱቃቸውንም ለልብስ ሰፊ አከራይተው ከጥግ አንዲት ወንበር ብቻ ይዘዋል። «ጋሼ፥ ቫልቭ መሥራት እንፈልጋለን» አልናቸው። «የት ነው የምትማሩት?» አሉን፤ ነገርናቸው። «እዚያ ይኸን አያስተምሩም እንዴ?» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ቀጥለው «የኔ ልጅ አባቴ ራዲዮ ጠጋኝ ነው ማለት አፍሮ ነጋዴ ነው ይል ነበር። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ይኸን ፍለጋ ወደኔ መጣችሁ? በሉ ልጆቼ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ኑ» አሉን። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ስናነሣባቸውም «እሱ ለቄስ ነው፤ እኔ ትራንስፎርመር እየጠመጠምኩ ነው የተማርኩት» ብለው አሳቁን።

የመጀመሪያው ትምህርታቸው ስለ ፊደል ነበር። በአውሮፓ ቫልቮች ላይ የተጻፈው ስም ዝም ብሎ ስም አይደለም፤ ሥራውን ይናገራል። በ«ኢ» የሚጀምር ከሆነ የማሞቂያው ክር በ6.3 ቮልት ይሠራል ማለት ነው። ቀጥሎ «ኤል» ካለው የመጨረሻውን ጉልበት የሚሰጥ ነው፤ «ዜድ» ካለው ተለዋዋጩን የመብራት ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያቀና ነው። በ«ዩ» የሚጀምሩ ቫልቮች ያሉበትን ራዲዮ ግን «ለጀማሪ አይሆንም፤ እንዳትነኩት» አሉን። በዚህ ዓይነቱ ራዲዮ የማሞቂያ ክሮቹ በአንድ መስመር ተቀጣጥለው ከግድግዳው ኃይል ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚለይ ትራንስፎርመር የላቸውም። ስለዚህ ስፒናው በአንድ በኩል ከተሰካ የራዲዮው የብረት አካል ራሱ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። ይኽን አንድ ቃል ባንሰማ ኖሮ ምናልባት ከአምስታችን አንዱ ዛሬ ከዚህ አይኖርም ነበር።

የእኛዎቹ ራዲዮዎች ደግነቱ ባለ «ኢ» ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ለማጉያ የሚያስፈልጉ ሦስት ቫልቮች ተገኙ፤ ድምፁን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያጎላው ኢ.ኤ.ቢ.ሲ. 80፥ ስፒከሩን የሚገፋው ኢ.ኤል. 84፥ ኃይሉን የሚያቀናው ኢ.ዜድ. 80። ጣቢያ ለመያዝ የሚያገለግሉትን የቀሩትን አውጥተን አስቀመጥን።

እዚህ ላይ «ስቴሪዮ ለመሥራት ስለ ምን ሁለት ራዲዮ አስፈለገ? ከአንዱ ኃይል ሁለቱን መስመር ማንቀሳቀስ አይቻልምን?» የሚል ይኖራል። እኛም እንደዚያ አስበን ነበር። ግን ሒሳቡ እምቢ አለን። አንድ ኢ.ኤል. 84 በ250 ቮልት ሲሠራ 50 ሚሊ አምፔር ያህል ይጠጣል። ሁለቱ 100 ይሆናሉ። ኢ.ዜድ. 80 ግን ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 90 ነው፤ ትራንስፎርመሩም የተሠራው ለአንድ ራዲዮ እንጂ ለሁለት አይደለም። ስለዚህ ለግራው አንድ ራዲዮ፥ ለቀኙ አንድ ራዲዮ ሆነ። ይኽን ሒሳብ በፈተና ላይ መቶ ጊዜ ብንሠራው የማይታወሰን ነበር፤ የራሳችን ትራንስፎርመር ሊቃጠል ነው ሲባል ግን በልባችን ተጻፈ።

ሁለተኛው ጥያቄ የመውጫው ትራንስፎርመር ነበር። ቫልቩ ብዙ ቮልትና ጥቂት አምፔር ይሰጣል፤ ስፒከሩ ጥቂት ቮልትና ብዙ አምፔር ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል እንደ አስታራቂ ሽማግሌ የሚቀመጠው ይኽ ትራንስፎርመር ነው። ጽሑፍ ስላልነበረበት ራሳችን ለካነው። ብዙ ጥምጥም ባለበት በኩል 6.4 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ብንሰጠው በሌላው በኩል 0.2 ቮልት ወጣ። ስለዚህ ልዩነቱ 32 እጥፍ ነው። 32 በ32 ሲባዛ 1024 ይሆናል። የራዲዮው የራሱ ስፒከር 5 ኦም ስለሆነ ቫልቩ በዚያ በኩል የሚያየው 5120 ኦም ነው። የቫልቩ መግለጫ የሚጠይቀው 5200 ገደማ ነበር። ይኽ ቁጥር በወረቀታችን ላይ ሲወጣ አምስታችንም ጮኽን፤ የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች ኳስ የገባ መስሏቸው መጡ። ከስድሳ ዓመት በላይ በፊት አንድ ያላወቅነው መሐንዲስ ያሰበውን ሐሳብ ከብረቱ ውስጥ አንብበን አገኘነው ማለት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለውን 8 ኦም ስፒከር ብናስርበት ኖሮ ከ8000 ኦም በላይ ይሆንና ስምምነቱ ይፈርስ ነበር። ስለዚህ የራዲዮዎቹን ስፒከሮች ከነሣጥናቸው አስቀረን፤ ምስጥ የበላውንም በአዲስ ጣውላ ለወጥነው።

ቀጥሎ የሠራነውን ስሕተት እንናገር፤ ከሁሉ ያስተማረን እርሱ ነውና። ሽማግሌው «ብረቱንና መዳቡን እመኑ፤ ወረቀቱንና ሰሙን አትመኑ» ብለውን ነበር። ማለታቸው ትራንስፎርመሩ ካልተቃጠለ ይኖራል፤ በወረቀትና በሰም የተሠሩት ካፓሲተሮች ግን እርጥበት እየጠጡ ያፈሳሉ ነው። እኛ ግን ኩራት ያዘን። «ዕቃው ሁሉ አሮጌ መሆን አለበት፤ አዲስ ከገባበት ክብሩ ይቀንሳል» አልንና የአንዱን መስመር አሮጌ ካፓሲተር እንዳለ ተውነው። ስንከፍተው ዘፈኑ መጣ፤ ጨፈርን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የግራው ኢ.ኤል. 84 በሆዱ ውስጥ እንደ ፍም መቅላት ጀመረ። ፈጥነን አጠፋነውና ቆይተን ስንለካ፥ በ150 ኦሙ ሬዚስተር ላይ 7 ቮልት ገደማ መሆን የሚገባው 11 ሆኖ አገኘነው። ያ ካፓሲተር ከፊተኛው ቫልቭ ከፍተኛውን ቮልት እያሾለከ ወደ ኋለኛው ያስገባ ነበር። ቫልቩ ሊሸከም የሚችለው ሙቀት 12 ዋት ሲሆን እኛ 15 ያህል ጭነንበታል። ሁሉንም ካፓሲተሮች በአዲስ ለወጥናቸው፤ ዋጋቸው ከአንድ ሻይና ከአንድ ብስኩት ብዙ አይበልጥም ነበር።

ይኽን ስናስብ በአገራችን ሁልጊዜ የሚነሣው ክርክር ትዝ አለን። አንዱ ወገን «የጥንቱ ሁሉ ይጠበቅ» ይላል፤ ሌላው «የጥንቱ ሁሉ ይጣል» ይላል። ሁለቱም ሳይለኩ ነው የሚናገሩት። አሮጌ ነገር ሁሉ ሲገኝ በቴስተር መለካት ነው፤ የሚይዘው ይቀመጣል፥ የሚያፈሰው ይለወጣል። ይኽን ለማለት ግን በመጀመሪያ ሣጥኑን መክፈት ያስፈልጋል። ሳይከፍቱ በኪሎ መሸጥ ከሁለቱም ወገን የባሰ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። መጀመሪያ ጉምጉምታ አስቸገረን። የኃይሉ ትራንስፎርመር ከመውጫው ትራንስፎርመር አጠገብ ተጎራብቶ ስለ ነበር የመብራቱ ድምፅ ይተላለፍበት ነበር፤ አንዱን ዘጠና ዲግሪ አዙረን፥ የማሞቂያውን ሽቦዎች እርስ በርስ ገምደን፥ የመሬት መስመሮቹንም ሁሉ ላሜራው ላይ በአንድ ነጥብ አሰርናቸው፤ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የድምፁን መዛባት ለመቀነስ ከመውጫው ጥቂቱን ወደ መግቢያው መለስን። ይኽ የተቃራኒ ምላሽ ብልኃት እ.ኤ.አ. በ1927 ሃሮልድ ብላክ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ያገኘው ነው። እኛ ግን ሽቦውን ገልብጠን ስላሰርነው ማጉያው እንደ ጅብ ጮኸ። ብናገላብጠው ተፈወሰ። ድምፁ በመጠን ቢቀንስም ጠራ። ትችትም እንዲሁ ነው፤ በትክክለኛው በኩል ሲገባ ያጠራል፥ በተሳሳተው በኩል ሲገባ ያስጮኻል።

በመጨረሻ ሽማግሌውን ጠርተን አሰማናቸው። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ተቀምጠው፥ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ሰሙና «ዘፋኙ የት አለ? በግራም የለም፥ በቀኝም የለም፥ መካከልም የለም። ወፍራሙም ድምፅ ጠፍቷል። ያንዱን ስፒከር ሽቦ ገልብጡት» አሉ። እኛ በመሣሪያ ያላገኘነውን እርሳቸው በጆሮ አገኙት። አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይጎትት ኖሯል። ገለበጥነው። ያን ጊዜ ዘፋኙ መጥቶ ባዶው ግድግዳ ፊት፥ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ቆመ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ይኽን የሁለት መስመር ቀረጻ እ.ኤ.አ. በ1931 ለፓተንት ሲያቀርብ፥ ሰው በሁለት ጆሮው የሚሰማውን ዓለም መመለስ ይቻላል ብሎ ነው። ነገሩን ከመጽሐፍ እናውቀው ነበር፤ ያን ማታ ግን ግድግዳው ፊት ቆሞ አየነው። ሽማግሌውም ምንም አላሉም፤ «ድገሙት» ብቻ አሉ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። አንዳንዱ «ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ እ.ኤ.አ. ከ1947 ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ! በጥቂት ብር የሚገዛ አንድ ጠጠር ከእናንተ ብርጭቆ የበለጠ ጉልበትና የጠራ ድምፅ ይሰጣል» ይለናል። እውነት ነው፤ አንክድም። የእኛ ማጉያ በሒሳባችን ከግድግዳው 70 ዋት ያህል ወስዶ ለሁለቱ ስፒከሮች የሚሰጠው ቢበዛ 10 ዋት ገደማ ነው፤ የቀረው ክፍሉን ያሞቃል። የቫልቭ ድምፅ የመላእክት ድምፅ ነው የሚሉትንም አንከተልም። እኛ የምንለው፥ ለመማር የሚሻለው ውስጡ የሚታየው ነው። በዕውር ድንብር ጠጠሩን ገዝቶ የሚሰካ ሰው ተጠቃሚ ይሆናል እንጂ ሠሪ አይሆንም። ይኽን ያህል ተማሪ በየዓመቱ የሚያስመርቅ አገር ለዘለዓለም ተጠቃሚ ብቻ ሆኖ ሊኖር ነውን?

ሌላው «አደገኛ ነው» ይላል። ይኽም እውነት ነው። ከመካከላችን አንዱ ስፒናው ተነቅሎ ሳለ በካፓሲተሩ ውስጥ በቀረው ኃይል ተመትቶ እጁ እስከ ትከሻው ደንዝዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን። ብቻውን ሆኖ የሚሠራ የለም። ከተነቀለ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ኃይሉንም ቀስ ብሎ የሚያፈስስ ሬዚስተር በቋሚነት ታስሯል፤ ከመንካት በፊትም በቴስተር ይለካል። ኃይል ባለበት ሲለካ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሆናል። እንግዲህ አደጋ ያለበትን ነገር ተማሪ ከመምህር ጋራ በላቦራቶሪ ውስጥ ቢሠራው ይሻላል ወይስ እንደ እኛ ከአልጋ በታች ተደብቆ?

ሦስተኛው ተቃዋሚ አይናገርም፤ ይሥቃል። እርሱ ነው ከሁሉ የሚከብደን። «የተማረ ሰው በእጁ አይሠራም» የሚለው አሳብ በመካከላችን ያለ ነው። በጥንት ጊዜ ቀጥቃጩን ቡዳ፥ ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ፥ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያልን ሰደብን፤ ግን በእርሱ ማረሻ አረስን፥ በእርሷ ድስት በላን፥ በሸማኔው ጋቢ ተሸፈንን። ዐፄ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ከአፍ ወጣ፤ ከልብ ግን አልወጣም። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ያ የእኛ ጆንያ ይበቃል። ማንም ሸፍኑ አላለንም። ራሳችን ሸፈንነው። ያ ሽማግሌ ልጃቸው ያፈረባቸው በምን እንደ ሆነ የገባን የራሳችንን ጆንያ ስናስታውስ ነው።

በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ በመስኮቱ በኩል አይተናል። የእንጨት ራዲዮዎች አሉ፤ በክብ መስተዋት የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ አለ፤ የሪል ቴፕ መቅረጫ አለ፤ ስማቸው ያልተነበበ ትራንስፎርመሮች በቁልል አሉ። እነዚህ ዕቃዎች አገራችን ራዲዮን በእጇ የያዘችበት ዘመን ምስክሮች ናቸው። በ1955 ዓ.ም. ራዲዮ ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር ሰው ተሰብስቦ ያዳመጠው እንደነዚህ ባሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያውን ሲያቋቁም የታተመው ዘፈን የተሰማው እንደነዚህ ባሉት ማጉያዎች ነው። ሸክላዎቹን ዛሬ የውጭ አገር ሰዎች በውድ ዋጋ ይፈልጓቸዋል። ሸክላው ሲከበር የሸክላው ማጫወቻ በኪሎ ይሸጣልን? በሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ ትራንስፎርመር ጥቂት ኪሎ ብረትና መዳብ ነው። በተማሪ እጅ ሲገባ ግን የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው።

ስለዚህ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ መጋዘኑ ከመሸጡ በፊት ተማሪዎችና የላቦራቶሪ ሠራተኞች በጋራ ሆነው ዕቃውን ለመለየት ሁለት ሳምንት ይሰጠን። በእውነት የማይረባው ይሸጥ፤ አንከለክልም። ሁለተኛ፥ ከዚያው መጋዘን አንዱ ጥግ ጠረጴዛ፥ ከመብራቱ የሚለይ ትራንስፎርመርና የጥንቃቄ ሕግ ተደርጎለት ለሥራ ይዋል። ሦስተኛ፥ በየሰፈሩ ያሉ አሮጌ የራዲዮ ጠጋኞች በሳምንት አንድ ቀን ተጠርተው፥ እንደ ማንኛውም እንግዳ መምህር ተከብረውና ተከፍሏቸው ያስተምሩ። የቫልቭ ነገር አይቸኩልም፤ ኢ.ኤል. 84 ዛሬም በስሎቫኪያና በሩስያ ይሠራል፥ በገንዘብ ይገኛል። የእነዚህ ሰዎች ዓይንና ጆሮ ግን የትም አይሠራም፤ በገንዘብም አይመጣም። የተማሪዎች ማኅበራችን ይኽን ጥያቄ ጊዜው ሳያልፍ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያቀርብልን እናሳስባለን።

እናንተ ጓደኞቻችን ሆይ! ማጉያው በመኝታ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጣ ሁሉ ይሰማዋል፤ መበየጃውንም ይዞ መሞከር ይችላል። ለሦስተኛው ራዲዮ ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ወደ ምናለሽ ተራ እንወርዳለን፤ አብሮን የሚሄድ ካለ ደስ ይለናል። ዘበኛውም እንደ ፊተኛው ቢሥቁ እንሥቃለን። ጆንያ ግን አንይዝም።